ደረቅ የዋለው የበድረዲን መለኪያ

በድረዲን ከተራራው ግርጌ ባለችው ሮቢት ዳር፣ ከጓሮው የቆመውን የዝናብ መለኪያ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማንበብ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልለመደው ነገር ቢኖር «በአንዳንድ ቦታዎች» የሚሉት አነጋገር ነው። በዚያ የመጋቢት ጠዋት ስልኩ ላይ የደረሰው ትንበያም ይህንኑ ይዞ መጣ፦ ዛሬና ነገ በአንዳንድ ደጋማ ቦታዎች በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብና ነፋስ ይጠበቃል።

«የትኛው አንዳንድ?» ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸበት።

እኅቱ ሀሊሜ የዓመት ልፋቷ የሆነውን ሽንኩርት ነቅላ፣ እንዲደርቅ ማሳው ላይ አስጥታዋለች። ማሳው ደግሞ ከጎርፍ መጥለፊያው ቦይ ሥር ነው። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ወደ ማሽላ መሬቱ የሚመልሰው በዚህ ቦይ ነው። በድረዲን የቦዩን ተራ ወደሚያዘው ውሃ አባት፣ ወደ አራጌ ገሰገሰ።

«የቦዩን አፍ ድፈነው።»

አራጌ አካፋውን ተደግፎ ወደ ላይ አየ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«አያ በድረዲን፣ አምና ባንተ ቃል ደፈንነው። ጎርፉ ዓይናችን እያየ ወደ አፋር ወረደ፤ ማሽላችን በጥም አለቀ። ዘንድሮ እኛ ማሽላችንን እናጠጣለን፤ አንተ ስልክህን አጠጣ!»

አብረውት ያሉት ሳቁ። በድረዲንን የሚያበግነው ደግሞ አራጌ እውነቱን መሆኑ ነው። የአምናው ጎርፍ ልክ ለማሽላ የሚበቃ ነበር።

ሽንኩርቱን ሰብስቢ ሲላት ሀሊሜም አልተሻለችም። «ሳይደርቅ ብከምረው ይበሰብሳል። አይሱዙው የሚመጣው ሐሙስ ነው። ደሞስ ደመናው የታለ?»

«ደመናው ተራራው ላይ ነው! እዚህ የሚመጣው ውሃው ብቻ ነው። ስንት ዓመት ልንገርሽ?»

«ካፊያ እንኳ ከጣለ እሰበስባለሁ፣ ወላሂ።»

በድረዲን ሽርጡን ሰብስቦ ጎንበስ አለና ራሱ ሽንኩርቱን በኬሻ ይሞላ ጀመር። «ልታበሰብስብኝ ነው!» እያለች፣ እየተነጫነጨች ታግዘው ጀመር።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከወደ ተራራው የድንጋይ መንከባለል ተሰማ። አራጌና ሰዎቹ የቦዩን አፍ ሊደፍኑ ቢሯሯጡም የጣሉትን አፈር ሁሉ ጎርፉ ወዲያው ነጠቃቸው። ማሳው ላይ የቀረውን ግማሽ ሽንኩርት ጠርጎት ሄደ። ሌላው ግማሽ ግን ተሸክመው ባወጡበት፣ ከማሳው በላይ ባለ ጉብታ ላይ በኬሻ ተርፏል።

«ጮክ ብለህ ብትናገር ምን ነበረበት?» አለችው ሀሊሜ፣ እያለቀሰች።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያው ውስጥ ያገኘው አቧራና አንድ የሞተ ጉንዳን ነው። መዝገቡ የሚጠይቀው የዘነበውን ብቻ ስለሆነ «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን ሊያስቀምጥ ሲል አራጌ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየው።

«አያ በድረዲን፣ የዛሬውስ ምን ይላል?»

በድረዲን ስልኩን አውጥቶ ያነብለት ጀመር። «በአንዳንድ ደጋማ ቦታዎች…»

አራጌ እስኪጨርስ አልጠበቀም። አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ የቦዩን አፍ ሊደፍን ከነፈ።

በድረዲን ቆሞ በዓይኑ ተከተለው። ዛሬ የሚመጣው ለማሽላ የሚበቃ ብቻ ከሆነ፣ እስከ ከርሞ የሚሰደበው ማን እንደሆነ ያውቃል።