የመምህር ኪዳኑ ቆጠራ

መምህር ኪዳኑ ግራ ዘመምነቱን ደብቆ አያውቅም። በተማሪነቱ የወዛደር ጽሑፍ ከእጁ አይለይም ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም አዲስ ቅዳም ከተማ ሻይ ቤት ገብቶ ስለ ሠራተኛ መብት ካልተናገረ ሻዩ አይወርድለትም። ድሮ በመፈክር ነበር፤ አሁን በቁጥር ሆነ። መፈክር የሰለቸው ሰው ቁጥር ሲሰማ ቀና እንደሚል ደርሶበታል። «ከመቶው ሰባው ያለ ጓንት ነው የሚሠራ!» ሲል ተከራካሪው ሁሉ ጸጥ ይላል። ኪዳኑ ይህን ጸጥታ ይወደዋል፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝቶ ይወደዋል።

ዘንድሮ የያዘው ጉዳይ ከባድ ነው። ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተቆርጦ፣ አፈር ለብሶ፣ ከሰል ሆኖ መኪና ላይ በሚጫንበት ሜዳ ጥላም ውኃም የለም። እንጅባራ ከተማ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ደግሞ መጠለያና ቧንቧ የሚፈቀደው ሦስት መቶ ሠራተኛ ላለው ሥፍራ ነው አለ። ኪዳኑ ደብተሩን ይዞ ሦስት ሳምንት ቤት ለቤት ዞረ። ያገኘው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ይህንኑ በደብዳቤ ልኮ፣ «ሰማንያ ስድስት ሰው ስለ ጎደለ ሕዝብ በጥማት አይቀጣም» ብሎ ሊከራከር ቀጠሮ ያዘ።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ ፍቅርአዲስ ከሜዳው መጥታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ደብተሩን ገለጠችው።

«እኔ የት ነኝ?»

«አንቺማ ይኸውልሽ፣ ‹ሥራ የሌላቸው› የሚለው ላይ።»

«እና ይኼ ጥቁር ከምን የመጣ ነው?» እጇን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት።

በዚያ አገር ወንዱ ይቆርጣል፣ ያከስላል፤ ሴቷ ከሰሉን ትለቅማለች፣ በጆንያ ትሞላለች፣ አፉን ትሰፋለች። የእሷ ግን ስሙ «ማገዝ» ነው። ኪዳኑ «ሥራ አለሽ?» ሲላቸው ሴቶቹ ሁሉ «ኧረ የለኝም፣ እሱን ነው የማግዝ» ብለውት ነበር። የራሱን ሚስትማ ጨርሶ አልጠየቃትም። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሠራተኛ የሰበከ ሰው! ከልቡ አፈረ።

«ሥራ አለሽ ወይ አትበል፤» አለችው። «ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ በል። ደግሞ በአገውኛ ጠይቅ፤ በጽሕፈት ቤት አማርኛ አታስፈራቸው።»

አብረው እንደገና ዞሩ። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስቱ አብረው ቀረቡ፤ ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«መምህር፣ ባለፈው ሁለት መቶ አሥራ አራት ብለውኝ ነበር። መቶ ሰባ ሰባት ሰው ከየት መጣ?»

አዲስ ገቢዎች ናቸው ማለት ይችል ነበር፤ ምላሱ ላይም መጥቶ ነበር። ዋጠው።

«ከየትም አልመጡም፤ እዚያው ነበሩ። ያልቆጠርኋቸው እኔ ነኝ። የገዛ ሚስቴን ሥራ ፈት ብዬ ጽፌአታለሁ።»

«ታዲያ አንዴ የተሳሳተን ቆጠራ እንዴት ልመን?»

«እኔን አይመኑ። እሷን ይጠይቋት።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረ። «እሺ እናቴ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። ገጹ ሞላ፤ ገለበጠው፤ ሌላ ወረቀት አወጣ። በመጨረሻም መጻፉን ትቶ የመጠለያውንና የቧንቧውን ፈቃድ ወደ ራሱ ሳበና ፈረመ።

«መፈረሙን ይፈርሙ፤» አለች ፍቅርአዲስ። «እኔ ግን ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነኝ።»