ከጡረታ በኋላ ቅኔ ቤት

ጡረታ ስወጣ ምንም አልጎደለኝም። ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆቼ ሥራ ይዘዋል፣ ጓሮዬ ውስጥ ጌሾና ድንች አለ። የሥነ ልቦና መምህር ስለነበርኩ የሰውን ፍላጎት ሰሌዳ ላይ በሦስት ማዕዘን ስሥል ነው ያረጀሁት፤ ከታች ምግብ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ወዳጅና ክብር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሰው መሆን የሚችለውን ሁሉ መሆን። የታችኛው ሳይሞላ የላይኛው አይታሰብም እያልኩ ስንቱን ተማሪ አሸምድጃለሁ።

ለእኔ ጫፉ ላይ የቀረው ቅኔ ነበር። በልጅነቴ አባቴ ከቄስ ትምህርት አውጥተው አስኳላ አስገቡኝ፤ ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ሌላው ሲቀኝ በሰማሁ ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል። የራሴን ቅኔ፣ አንድ እንኳ ብትሆን፣ መናገር ፈለግሁ። ዲማ ሄጄ ቅኔ ቤት ልግባ ስላት ባለቤቴ መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት፤ ቀጥላ አበድክ አለችኝ። መጨረሻ ላይ ግን ድርቆሽና በሶ አዘጋጅታ፣ ተማሪ መሆኔ ካልቀረ ሳልራብ እንድማር አስጠነቀቀችኝ።

ስሕተቱ እዚያ ላይ ነበር። ዲማ ክፍል ተከራየሁ፤ ስንቄ በየሳምንቱ በመኪና ይላክልኛል። ተማሪዎቹ አመሻሽ ላይ በየመንደሩ ዞረው የለመኑትን ቁራሽ አንድ ላይ ቀላቅለው ይበላሉ፤ እየበሉም የኔታ የዕለቱን ቅኔ እንዴት እንደተናገሩት ይከራከራሉ፣ የከበደውን ይፈታታሉ። እኔ ክፍሌ ውስጥ በሶዬን በጥብጬ፣ ጠግቤ እተኛለሁ። ወራት አለፉ። ጠዋት የኔታ ፊት ስቀርብ አንድም የራሴ የምለው ነገር የለኝም። ዕድሜዬ ነው ብዬ ጓዜን ልጠቀልል ስል የኔታ አስጠሩኝ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ ተከባብረን እርስዎ እንባባላለን።

"ትምህርቱ ያለው ማዕዱ ላይ ነው" አሉኝ። "ለምነው ይብሉ።"

ደሜ ፈላ። የተከበረ መምህር፣ ባለ ቤትና ባለ ትዳር፣ በሰው ደጃፍ ቆሞ እንዴት ይለምናል? ያስተማርኩት ሰው ቢያየኝስ? ግን ባዶዬን ወደ ቤት መመለሱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዤ አንድ በር ላይ ቆምኩ። "በእንተ ስማ ለማርያም" አልኩ፣ በሹክሹክታ። የቤቱ እመቤት ብቅ አሉና አልሰማሁም፣ ይድገሙት አሉኝ። ደገምኩት፤ አሁን ድምፄ ወጣ። ሩብ እንጀራ ሰጡኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰማይ አልተደፋብኝም።

ማዕዱ ላይ ስቀርብ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ያመጣኋት ቁራሽ ከሌላው ጋር ተቀላቅላ ጠፋችኝ። ያልገባኝን ጠየቅሁ፤ ተሳቀብኝ፣ አብሬም ሳቅሁ፣ ገባኝም። በሰሌዳዬ ሕግ ቢሆን ለማኝ ወደ ጫፉ አይወጣም ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት የኔታ ፊት ቆሜ ጉባኤ ቃና፣ ያችን ሁለት መስመር ብቻ ያላትን የጀማሪ ቅኔ፣ ተናገርኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ አንድ ቃል አቀኑልኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"የማን ናት?" አሉኝ።

"የእኔ ናት" አልኩ።