በእኔ ፋንታ የጎረሱት እማማ

ሞተች ተብሎ የተጮኸልኝ በሰው ለቅሶ ላይ ነው። ሰበታ፣ የእድራችን ድንኳን ተጥሎ፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው ከሴቶቹ ጋር ትልቁን ድስት ሳማስል አርፍጄ፣ እግሬን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው።

እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ። ማንኮራፋት ጀመርኩ። ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። አንዷማ፣ «ይቺ ሴትዮ ሟቹን ልትቀሰቅሰው ነው እንዴ!» አለች አሉ። ድንገት ማንኮራፋቴ ቆመ። «እሰይ፣ ተገላገልን» አሉ። አጠገቤ የነበረችው የመጨረሻዋ ልጄ ግን ዓይኗን ከደረቴ ላይ አላነሳችም። ደረቴ አይንቀሳቀስም። ከንፈሬ ጠቁሯል።

«እማዬ አትተነፍስም! እማዬ ሞተች!»

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ተብሎ ሲጮህ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተነሱ። አንዷ ጎረቤቴ ጀርባዬን በጥፊ አጮለችው፣ እኔም ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ስቤ ነቃሁ። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ያለቅሳል።

«ውይ! ማን ሞተ?» አልኩ።

እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትንሽ ሸለብ ባደረገኝ ቁጥር ትንሿ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር አገኛታለሁ፤ መተንፈሴን ታረጋግጣለች። አራተኛ ክፍል ናት። ጨዋታዋን ትታ እናቷን ትጠብቃለች። ያኔ ነው አደጋ ውስጥ መሆኔ የገባኝ።

እኛ ሰፈር ውፍረት በሽታ አይደለም። «አማረብሽ፣ ወፈር ብለሻል» ይባላል፣ «አሜን» ይባላል። እኔ ለዓመታት አሜን ስል ኖርኩ። አዲስ አበባ ሄጄ የመረመረኝ ሐኪም ግን አሜን አላለም። በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን የሚያህል፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። «እናቴ፣ ሲተኙ አንገትዎ ላይ ያለው ስብ ጉሮሮዎን ተጭኖ ትንፋሽ ይዘጋል። ስኳሩም ግፊቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን አይነቁም» አለኝ። ሌላው ሌላው አልፎኛል፤ «አንድ ቀን አይነቁም» ያለው ግን አጥንቴ ድረስ ገባ።

መጀመሪያ ምግብ በመቀነስ ሞከርን። ለወራት ለፋሁ፣ ትንሽ ቀነስኩ፣ መልሶ መጣ። በመጨረሻ ወረቀት አውጥቶ ጨጓራ ሳለልኝ። አብዛኛው ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ይሆናል፣ ጠርዙ ይሰፋል። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳልደርስ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ጨጓራ ምን አውቃለሁ? ስፌት ግን አውቃለሁ። ስንት ጆንያ ሰፍቻለሁ። ከልኩ በላይ የሞሉት ጆንያ በየት በኩል እንደሚተረተርም አውቃለሁ።

«ቢተረተርስ?» አልኩት።

አልዋሸኝም። «አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የሚያሰጋው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከተጠነቀቁ ግን ይድናል።»

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ስነግረው ሳቀ። «ሰው ደህና ሆዱን ከፍሎ ያስቆርጣል?» አለ። ልጄ ከደብተሯ ቀና አለች። «አባዬ፣ አንተ ለቅሶ ቤት አልነበርክም» አለችው። ቀጠሮው ሲደርስ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ራሱ ይዞኝ ሄደ።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፉኝ ያላነሳሁት ታቦት የለም። ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መተንፈስ ነው። ሆን ብዬ። ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። አለሁ! ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም፣ ሆዴ ባይዘኝ። ነርሷ «እናቴ ተነሺ፣ እንራመድ» ስትለኝ የምታሾፍ መስሎኝ ነበር። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ፣ በኮሪደሩ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዝኩ ተራመድኩ። ውኃ በመድኃኒት መለኪያ ክዳን ነበር የሚሰጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ስወጣ ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ ነገረኝ። ፈሳሽ ብቻ። በገዛ እጄ፣ በትንሿ ማንኪያ፣ ቀስ ብዬ። የሰው ጉርሻ ጨርሶ አይሞከርም፤ የሚያጎርስ ሰው የሆዴን ልክ አያውቅም። ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ ልቤም ያለ ልክ ከመታ፣ ወዲያው መመለስ አለብኝ።

ቡራዩ ያለችው እህቴ ብልህ ናት። «እኔ ጋ ሆነሽ አገግሚ። እዚህ የሚያውቅሽ የለም፣ ጠያቂ አይመጣብሽም» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ልጄ ትምህርት ቤት አላት፤ መዳፏም ለምዶብኛል። ቤቴ ገባሁ።

ጠያቂ ጎረፈ። እኛ ዘንድ ከሆስፒታል ሆዷን ይዛ የወጣች ሴት አራስ ናት፤ ሌላ ነገር አይታሰብም። አጥሚት መጣ፣ ገንፎ መጣ፣ የበግ መረቅ መጣ። አንድ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆመው «ምን ወለደች?» ብለው ጠየቁ አሉ። ልጄ በር ላይ ቆማ «ሐኪም ከልክሏል» እያለች ትመልሳለች። ወደ አፍ የተዘረጋ እጅ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በድግሱ ሁሉ «በሞቴ» እያልኩ እንግዳ አስጨንቄ የማጎርሰው እኔው ነበርኩ።

አንድ ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች እማማ ገቡ። እማማ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ አሁን ፋብሪካ የቆመበት መሬት ድሮ የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ስወልድ ሁሉ ከአልጋዬ ሥር ያልጠፉት እሳቸው ናቸው። በእንጨት ገበታ ጩኮ ይዘዋል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ቅቤውን ሴት ልጃቸው ከሱሉልታ ልካላቸዋለች፣ ሽታው ቤቱን ሞላው።

«አከም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምኑን ደህና! ጉንጭሽ የት ሄደ? ያቺን በላተኛ ልጄን ማን ወሰዳት?»

«እማማ፣ የተፈቀደልኝ ፈሳሽ ብቻ ነው።»

«ቅቤ ፈሳሽ አይደለም እንዴ? ይኸው፣ አፈር ስሆን፣ በሞቴ!»

እጃቸው አፌ ላይ ደረሰ። ያ እጅ አራት ልጆቼን ተቀብሎ ያጠበ እጅ ነው። አፌን ከፈትኩ።

ደረቴ መሃል ቆመ። አይወርድም፣ አይወጣም። ምራቄ አፌን ሞላው፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ጆንያው ታየኝ። ስፌቱ ክር በክር ሲፈታ ታየኝ። እማማ ፊቴን አይተው ገበታውን ጣሉት።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ምን አደረግኩሽ!»

«ሆስፒታል…» ማለት ብቻ ቻልኩ።

ባሏ ታክሲ ያለው ጎረቤታችን ዘንድ እየጮሁ ሮጡ፤ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ሰውየው መኪናውን አስነሳ፣ እማማ ከኋላ አጠገቤ ገቡ። «ቤት ይቆዩ» ሲላቸው፣ «ያጎረስኳት እኔ ነኝ!» ብለው በሩን ዘጉት። ዓለም ገና ከተማ ስንደርስ መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቋል። እማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወጡበት ማለት ይቻላል።

«አሳልፈን! የታመመች ልጅ ይዣለሁ!»

የመኪናው ሾፌር ጎንበስ ብሎ እኔን ግዙፏን አየ። «ልጅቷ ይቺ ናት እማማ?»

«ምን አገባህ! የወለድካት አንተ ነህ? እለፍ!»

ሰውየው እየሳቀ ጥጉን ያዘ፣ አለፍን። ወዲያው ጩኮው ተመልሶ መጥቶ የእማማ ነጠላ ላይ ወጣ። «ጋሪ ዳ! ጥሩ ነው፣ ይውጣ!» አሉ፣ ነጭ ነጠላቸውን ዘርግተው እንደ ስጦታ እየተቀበሉ። አንዴ ዋቃዮን፣ አንዴ እመቤቴን ይጠራሉ። የልቤ ምት ግን አልተመለሰም፣ ሕመሙም አልለቀቀኝም። ወጥቶስ፣ ስፌቱን ቀዶት ከሆነ? ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋዬን ባዶ ስታገኘው እያሰብኩ እጃቸውን ጨምቄ ያዝኩ።

ሆስፒታል እንደደረስን ሮጠው ተቀበሉኝ። መርምረውኝ፣ ደም ወስደው፣ ማሽን ፊት አቆሙኝና ጣዕሙ የማያስታውቅ ፈሳሽ በጥቂቱ አጠጡኝ። ሐኪሙ የማሽኑን መስታወት ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በኋላ ወደ መስታወቱ አዞረኝ። ቀጭን መስመር፣ ልክ እንደ ክር፣ ሳይዛነፍ ወደ ታች ይወርዳል።

«አዩት እናቴ? የትም አልፈሰሰም። ስፌቱ ይዟል።»

ከደስታዬ ብዛት ይሁን ከድንጋጤ «አንተ» ልለው ስል «አንቱ» አልኩት፣ ጉልበቱን ልስም ወደቅኩ። ያዘኝ።

እማማ ያን ነጠላቸውን ጠቅልለው ይዘው ገቡ። «ዶክተር፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። እሰረኝ» አሉት።

«አላስርዎትም። ግን እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ማንም እንዳያጎርሳት ይጠብቁልኝ። ገና ናት።»

«የሰው እጅ እንዴት ይመለሳል ልጄ? ነውር ነው እኮ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «እንግዲያው እርስዎ ይጉረሱላት።»

ለቀልድ ነበር ያለው። እማማ ግን እንደ ትእዛዝ ይዘውት ወጡ።

ከማግስቱ ጀምሮ በርጩማቸውን አልጋዬ ራስጌ አኖሩ። ጠያቂ ይገባል፣ እጁ ወደ አፌ ይዘረጋል፣ እማማ ከመሃል አንገታቸውን አስግገው ጎረስ!

«ኧረ እማማ፣ ለእሷ እኮ ነው!»

«ለእሷ ነው የጎረስኩት። ምርቃቱን ለእሷ አድርጊው።»

ማንም አልተቀየመም። እጁ ባዶውን አልተመለሰማ! ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ፣ እማማ ሲጎርሱ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው በዛ። እኔ ሆዴን በትራስ ይዤ፣ «እማማ፣ አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» እላለሁ። እሳቸው ደግሞ ገንፎ በአፋቸው ሞልተው፣ «ዝም በይ፣ አንቺ ስትከሺ እኔ ልፈነዳ ነው» ይሉኛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በር መጠበቁን ለእሳቸው ትታ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደጅ ወጥታ ገመድ ዘለለች። ድምጿን ከአልጋዬ ሆኜ ስሰማ አለቀስኩ።

በቀጠሮዬ ሐኪሙ ሆዴን ነካ ነካ አድርጎ «ጥሩ ይዟል። ለስላሳ ምግብ ይጀምሩ» አለኝ። እኔም ቀስ በቀስ ጎደልኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ሰፈር ውስጥ ስኳር ወረደ፣ ግፊት ወረደ እያልኩ ያልነገርኩት ሰው የለም። በባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ብቻዬን እንድቀመጥ ያደርገኝ የነበረው ሾፌር፣ ሌላ ሴት አጠገቤ አስቀመጠ፤ እሱ ልብ አላለም፣ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

በቅርቡ ያ የእድር ድንኳን ለሠርግ ተተከለ። ከእማማ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እንጀራውን በአልጫ አራሱና ጫፉን ቆነጠሩ፤ አተር አይበልጥም። አፌ ድረስ አምጥተው ግን እጃቸው ቆመ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ።

«ይፈቀዳል?» አሉኝ።

«ይፈቀዳል እማማ።»

ጎረስኩ። አላመጥኩ፣ ደግሜ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። ጠበቅኩ። ሁሉም ዓይኔን ያያል።

«ወረደ» አልኩ።

እልልታው ከሙሽሮቹ ቀደመ። እማማ «ገለቶሚ ዋቃዮ፣ ተመስገን» እያሉ ግንባሬን ሳሙኝ። ልጄን ፈለግኳት፤ ጭፈራው መሃል ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቤት ገብቼ ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝም፣ ስነቃ አፍንጫዬ ሥር የማንም እጅ አልነበረም። ከጓደኛዋ ጋር ደጅ ትጫወታለች። በመስኮት ጠራኋት።

«አቤት እማዬ?»

«ምንም። ድኛለሁ ልልሽ ነው።»

«አውቃለሁ!» ብላ ሮጠች።

ድኛለሁ።