እጄ አይደለም፣ ሦስተኛዋ ክር ናት

ላሊበላ ውስጥ፣ ለእንግዶች በምንጫወትበት ሆቴል፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የምመታው እኔ ነኝ። ሴት ስለሆንኩ ፎቶ ያነሱኛል፤ ያንን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ ዛሬም ሳስበው ደሜን የሚያፈላው፣ በአንዲት ማግኔት ጥፋት እጄ ያን ያህል ጊዜ መከሰሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምባሰል ስመታ ዜማው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛዋ ክር ላይ ሲሆን ይሰማል አይሰማም፤ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ገበያ መሀል እንደሚጣራ ሰው ይጮኻል። ቀስ ብዬ ብነካትም ያው ናት። የባንዱ መሪ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ ፍርዱን ሰጠ። እጅሽ አልተገራም አለኝ። የሴት እጅ ሚዛን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል ብሎም ጨመረበት። በዚሁ ሰበብ የአምባሰሉን ሶሎ ነጥቆኝ ለኪቦርዱ ወሰደና እኔን አጃቢ አደረገኝ።

ሶሎው ቆጭቶኛል፤ ከሶሎው የባሰብኝ ግን የአባቴ ጉዳይ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። ጊታር መያዜን አልከለከሉኝም፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ በርቺ ብለውኝ አያውቁም። የመሪጌታው ልጅ እጇ አልገራ አለ የሚለው ወሬ እሳቸው ጆሮ እንዲገባ አልፈልግም ነበር። ልክ መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነበር የምፈልገው።

ልክ መሆኔን ደግሞ አውቃለሁ። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል እቃ አለ፤ ስድስት ትንንሽ ማግኔቶች ናቸው፣ በዙሪያቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው። የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው እሱ ነው። የእኔ ጊታር ላይ ያለው የድሮው ዓይነት ስለነበር የማግኔቶቹ ቁመት አንድ አይደለም። በድሮ ጊዜ ሦስተኛዋ ክር ሽቦ የተጠቀለለባትና ድምፅዋ ደከም ያለ ስለነበረች፣ እንድትሰማ ብለው ማግኔቷን ከፍ አደረጉላት። ዛሬ የምንገጥማት ክር ልሙጥ ናት፣ ጉልበተኛ ናት፤ ማግኔቷ ግን እንደ ድሮው ከፍ እንዳለ ነው። የሁለተኛዋ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተቀብሯል። ታዲያ አንዷ ብትጮህ፣ ሌላዋ ብትታፈን ምን ይገርማል? ይህን ሁሉ ለመሪያችን አስረዳሁት። ስጨርስ እጅሽን ለስለስ አድርጊ አለኝ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ትዕግስቴ አለቀ። ጊታሩን ከአንገቴ አውልቄ፣ "ጋሼ፣ እስቲ አንተ ምታው" አልኩት።

መታው። ሦስተኛዋ ክር ጮኸች። ድራም የሚመታው ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ። መሪያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? ማጉያው ተበላሽቷል። እኔ ስመታ የእጅ ጥፋት፣ እሱ ሲመታ የማጉያ ጥፋት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ማጉያው ደህና መሆኑ ሲታይ ካቻቢቴ አመጣና ከፍ ያለችውን ማግኔት በጫፉ ወደ ታች መግፋት ጀመረ። ተው፣ ሽቦው እላይዋ ላይ ነው የተጠመጠመው፣ ይበጠሳል አልኩት። ገፋት። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ድምፅ አልሰጠም። ለሆቴሉ ባለቤት የነገረው ደግሞ እቃው በእኔ እጅ እንደተበላሸ ነው።

ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ ፒክአፕ ይቀየር አልኩ። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። ከአየር ማረፊያ እንግዳ የምታመላልስ ፒክአፕ መኪና አለችው፤ ለጊታሩ ማመላለሻ እሷን ቀይርልን ያልኩት መስሎት ለአንዲት ጊታር ባጃጅ ምን አነሳት ብሎ ተቆጣኝ። ብስጭት ላይ ብሆንም እዚያው ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩ ሲገባው ደስ ብሎት ፈቀደ፤ ከመኪና የማይቀል ነገር የለም።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ስልክ መደወል ጀመርኩ። ሻጮቹ ሁሉ የተማከሩ ይመስል የድሮውን ዓይነት ውሰጂ ይሉኛል፤ ኦሪጅናሉ እሱ ነው፣ ታላላቆቹ የሚመቱት በእሱ ነው። እኔ የምፈልገው ማግኔቶቹ በሙሉ እኩል የሆኑ፣ አናታቸው አንድ ደረጃ ላይ ያለ ነው እላለሁ። እሱ የጀማሪ ነው ይሉኛል። አንዱ እንዲያውም የሚመታው ወንድምሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ታላላቆቹ በምን እንደመቱ የጠየቀ የለም! እኔ ያሉኝ ክሮች ልሙጥ ሦስተኛ ያለባቸው ናቸው፤ ፒክአፕ የሚመረጠው ላለው ክር ነው እንጂ ለሞተ ዝና አይደለም። በመጨረሻ አንድ ሻጭ መጀመሪያ ምን ዓይነት ክር ነው የምትጠቀሚው አለኝ። ከእሱ ገዛሁ።

እቃው ከአንድ አስጎብኚ ጋር በአውሮፕላን መጣ። ሽቦዎቹን ስልክ የሚጠግነው ጎረቤታችን በየደልኝ። ወፍራሞቹ ክሮች እንዳያይሉ ፒክአፑን በእነሱ በኩል ትንሽ ዝቅ አደረግኩትና አምባሰልን ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። የጮኸችም የታፈነችም የለችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ የመታው ያው የትናንቱ እጄ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶሎው ተመለሰልኝ። ተጫውቼ ስጨርስ መሪያችን ማይኩን አነሳና ብዙ ደክመንባት እጇ ታረመ፣ አጨብጭቡላት አለ። አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። ማይኩ ያለው እሱ ጋ ነው፤ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ጠሩኝ። ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል።

"እጅሽ ታረመ አሉ" አሉኝ። "እርማት መቀበል ትልቅ ነገር ነው፣ ልጄ። ስንቱ ተማሪዬ እርማት ጠልቶ ከመንገድ ቀርቷል።"

እንዲያ ፊታቸው በርቶ አይቻቸው አላውቅም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና መመረቅ ጀመሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቅኩት ምርቃት ነው። የተቀበልሽውን እርማት ያጽናልሽ አሉና አሜን እስክል ጠበቁኝ።

"አባባ፣ እጄ አልተሳሳተም ነበር" አልኳቸው። "የተቀየረው እቃው ነው። የሚመርቁኝ ከሆነ ያንኑ የበፊቱን እጄን ይመርቁልኝ።"

አባቴ እጃቸውን ከራሴ ላይ አላነሱም፤ ምርቃቱንም አልቀጠሉም። እኔም አሜን አላልኩም።