ያልተለበሰ የጎልፍ ጫማ

የአጎቴ ልጅ ማንበብ እንደማልችል እያወቀ በሐሰት ወረቀት ላይ ጣቴን አስነክሮ የራሱን ጥፋት የኔ አደረገው። በዚህ የተነሳ አራት ዓመት ሼክ ዑስማን ገበያ ውስጥ ጫማ እንዳልነካ ተከለከልኩ። ጭኑ የተሰበረ አንድ ሰው ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ እኔን ሲረግም ኖረ። ነገሩ ይኸው ነው። አሳምሬ የምነግራችሁ ነገር የለኝም።

ሥራዬ የጎልፍ ጫማ ነበር። አትሳቁ። እዚህ የመን፣ ኤደን ውስጥ ጎልፍ የሚጫወት ሰው አላውቅም። ተዋሂ ሰፈር ሻይ ቤት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ እንግሊዞች ድሮ አሸዋ ላይ ኳስ ይመቱ ነበር ይላሉ። እኔ አላየሁም፣ ላይም አልጓጓሁም። ጫማው ግን ይመጣል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚጫነው ልባሽ ውስጥ፣ ከሴት ጫማና ከተቀደደ ሻንጣ ጋር ተጠቅጥቆ ይመጣል። ሌላው ነጋዴ ከሥሩ ያሉትን የፕላስቲክ ጥርሶች አይቶ "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" ብሎ ይወረውረዋል። ዓሣ ተሸካሚዎቹ ግን ያውቁታል። ጀልባዎቹ ዓሣ የሚያራግፉበት ደረጃ ሁልጊዜ በደም፣ በአንጀትና በቅርፊት የተለወሰ ነው። በነጠላ ጫማ የወጣበት ይወድቃል። በቦቲ የወጣበት እግሩ በላብ ይላጣል። የጎልፍ ጫማ ውሃ አያስገባም፣ ጥርሱ ድንጋዩን ይነክሳል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚራመድ ሰው የተሠራ ስለሆነም ተረከዝ አያደማም። ተሸካሚ ሁሉ የሚመጣው ወደኛ ነበር።

ወደኛ ስል እኔና የአጎቴ ልጅ ማለቴ ነው። ድሬዳዋ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። አባቶቻችን የመኖች፣ እናቶቻችን ሐበሾች። እሱን ትምህርት ቤት ላኩት፤ ለኔ ወስፌ ሰጡኝ። ኤደን ከገባን በኋላ እሱ ሼክ ዑስማን ሱቅ ከፈተ፣ እኔ የሱቁ በር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ እመርጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ እሰፋለሁ። እሱ ይሸጣል።

ጆንያው ሲፈታ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። የሺህ ሰው እግር ባንዴ። ጫማ ውስጥ ያላገኘሁት ነገር የለም። የተቆረጠ ጥፍር፣ የተላጠ ተረከዝ፣ ፕላስተር ከነመግሉ፣ አንዴም የደረቀ እንሽላሊት። የሀብታም ጫማ ከሁሉም ይብሳል፤ ካልሲ የሚባል ነገር ሰምተው የሚያውቁ አይመስልም። እጄን እስከ አንጓዬ እየከተትኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት።

ሰው ጫማ ሲመርጥ ደግሞ ፊቱን ያያል። ያበራል ወይ? ነጭ ነው ወይ? ድንቁርና ነው። እኔ መጀመሪያ በሁለት እጄ አጥፈዋለሁ። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ከጣቶቹ ሥር ነው፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ እግር ይጨርሳል፣ ይጣል። ከዚያ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ሲታጠፍ ኩርሽ ካለ ሶሉ በውስጡ ሞቷል ማለት ነው። ሶልን መራመድ ብቻ አይገድለውም፤ መቀመጥም ይገድለዋል። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በሙቀትና በወበቅ ዓመታት የከረመ ጫማ፣ ማንም እግሩን ባያስገባበትም፣ ከላይ አምሮበት ከውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም፤ ስንቱን ፈርፍሬ ያወቅኩት ነው። ስለዚህ ትንሽ የተለበሰውን እመርጣለሁ። የተራመዱበት ጫማ አይዋሽም።

ልኩስ? ሰው በጠዋት እየመጣ ይለካል። ጠዋት እኮ እግር ትንሽ ነው። "ከሥራ መልስ ና፣ ሲያብጥልህ" ስለው ይስቅብኛል። ቆሞ ይለካ፣ በሚያደርገው ካልሲ ይለካ፣ ከፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይቅር፣ ሲራመድ ተረከዙ እየተነሳ ከሆነ ይተወው። ይሄን ሁሉ ለፍልፌ፣ መጨረሻ ላይ "ነጩን አምጣው" ይላል።

አያያዛቸው ግን ከሁሉም ያቅለሸልሸኛል። ማታ በንጹሕ ውሃ ጨዉን አጥቦ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው፤ በቃ። የሚችል ሁለት ጥንድ ይግዛና ያፈራርቅ። እነሱ የዓሣ ደም እንደጠጣ ፌስታል ውስጥ ቋጥረውት ያድራሉ። ጠዋት ሲሸታቸው በረኪና ይደፉበታል። ከዚያ ደባብ በሚሉት አሮጌ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ያሰጡታል። ሲሰነጠቅ ለኔ ያመጡታል። "ያ ዐም፣ አባባ፣ ጫማህ ተበላሸ።" ጫማህ ይሉኛል!

እኔ ሥርዓት ነበረኝ። ከእጄ የሚወጣ ጫማ ሁሉ ጥርሱ አንድ ባንድ ይፈታል፣ ቀዳዳው በብሩሽ ይጠረጋል፣ ዘይት ነክቶ ይመለሳል። ጥርስ ሲያልቅ ተፈትቶ መቀየር አለበት፤ ካልተፈታ ጫማው እዚያው አለቀ ማለት ነው። ሶል ከለቀቀ በክር እሰፋለሁ። ማስቲሽ አልነካም፤ የባሕር ውሃ ማስቲሽን በሳምንት ይበላዋል። ይሄን ተሸካሚው ሁሉ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ፊቱ በርቷል።

"እየው፣ እየው! ማንም እግሩን አላስገባበትም። ወረቀቱ እንኳ ከውስጡ አልወጣም!"

አንዱን አንስቼ አጠፍኩት። ኩርሽ አለ። ሶሉን በጥፍሬ ጫን ሳደርገው ዱቄት ሆነ።

"ይሄ ሞቷል። ጣለው።"

"ጣለው ይላል! አንተ የሰው እድፍ ካልነካህ እንቅልፍ አይወስድህም እንዴ? ያ ኢላሂ፣ አዲስ ነገር ሲያይ የሚያመው ሰው!"

"ሰው ይሰበርበታል እልሃለሁ።"

"አንተ ስፋ። መምረጡን ለሚያነብ ሰው ተው።"

በዚያው ሰሞን የሚስቴ እናት ላህጅ ውስጥ አረፉ። ለቅሶ ሄደን አንድ ሳምንት ቆየን። ስመለስ ካርቶኑ ባዶ ነው።

ከገዙት አንዱ ከወሎ የመጣ ተሸካሚ ነበር። ወደ ሳዑዲ ሊሻገር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ አሥር ዓመት ዓሣ የተሸከመ፣ የፊተኛውን ጫማ ከኔ እጅ የወሰደና ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረገው ሰው። ሲገዛ "ያ ሐበሻ ነው የመረጠው?" ብሎ ጠይቋል። የአጎቴ ልጅ "በገዛ እጁ" አለው። በሦስተኛው ቀን፣ ትልቅ ዓሣ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ሶሉ ደረጃው ላይ ቀረና እሱ ወደ ታች ሄደ። ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

የተሸካሚው ወንድም ሱቁ ድረስ መጥቶ ጮኸ። ነገሩ ወደ ዓቂሉ ሄደ። ዓቂል ማለት የሰፈሩን ጠብ የሚዳኝ ሽማግሌ ነው፤ የሱ ቃል ገበያ ውስጥ ከመንግሥት ይበልጣል። በዚያን ቀን ጠዋት የአጎቴ ልጅ ወረቀትና ቀለም ይዞ በሩ ላይ ቁጢጥ አለ።

"ሱቁ ያሳክመዋል የሚል ነው። አንተም ምስክር ሁነኝ።"

"አንብብልኝ።"

አነበበልኝ። ከቢስሚላህ ጀምሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እየነዳ። ለታማሚው ዱዓ ሁሉ ነበረበት። አውራ ጣቴን ነክሬ አተምኩ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ዓቂሉ ያንኑ ወረቀት በጉባኤ አነበቡት። "ጫማውን ባለሱቁ ሳያውቅ እኔ አምጥቼ፣ ሶሉን በማስቲሽ ለጥፌ፣ ጥርሱን በእጄ አስሬ ለሽያጭ አስቀምጫለሁ" ይላል። ተነሥቼ ጮኽኩ።

"ጣቱ ያንተ ነው?" አሉኝ ዓቂሉ።

"የኔ ነው፣ ግን..."

"ግን የለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ገበያ ጫማ እንዳልነካ ተፈረደብኝ። የአጎቴ ልጅ "ለዘመዴ ስል እኔ አሳክመዋለሁ" አለ። ጉባኤው ማሻአላህ እያለ ተራ በተራ ሳመው። ያንን ሁሉ ጢም ጉንጩ ላይ ሲለጠፍ ቆሜ አየሁ።

ተሸካሚውን ልጠይቀው ሙዝ ይዤ ሄድኩ። ወደ ግድግዳ ዞረ።

"ሱቁን አላመንኩም፣ ያመንኩት ያንተን እጅ ነው። አላህ ያንን እጅ ያድርቀው። ውጣ።"

ወጣሁ። የወረቀቱ ሰው እኔ ነኝ። ያቺ ርግማን ከገበያው ይልቅ አቃጠለችኝ፤ እሱ ሞኝ አልነበረም፣ ጫማ ያውቅ ነበር።

ተዋሂ ወርጄ ሻንጣና ጆንያ ተሸከምኩ። እዚያ አንድ መስጊድ ጎን ከዐስር ሶላት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስተምራሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው አሮጌ ጀልበኛ ጫት እየተፋ "አንተ መጻፍ የፈለግከው ኑዛዜ ነው እንዴ?" ይለኝ ነበር። ክስ ነው አልኩት። ዓረብኛውን በሁለት ዓመት ለመድኩ። አማርኛውን የጎረቤታችን ሴትዮ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እንደ ሕፃን እየገሠጹ አስተማሩኝ። ይሄን የምጽፈው በሳቸው ፊደል ነው።

ማንበቡ ሲጠናልኝ ዓቂሉ ዘንድ ሄጄ ወረቀቴን ጠየቅኩ። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አኑረውት ኖሯል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። በማስቲሽ ለጥፌ የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጥርሱን በእጄ አስሬ የሚለው ላይ እንደገና ቆምኩ። ውሸታም እንኳ ስለሚዋሽበት ሥራ ትንሽ ማወቅ አለበት። ይሄኛው አሥር ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ምን እንደምሠራ አላየም።

ከዚያ ወደ ተሸካሚው ሄድኩ። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። መረብ እየጠገነ አገኘሁት።

"ያንን ጫማ ጥለኸዋል?"

"ምን ሲደረግ እጥለዋለሁ? ለርግማን አስቀምጬዋለሁ።"

"አምጣው።"

"አትነካውም።"

"አልነካውም። ይሄን የጥርስ መፍቻ ቁልፍ ያዝና ጥርሱን ራስህ ፍታው።"

ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣው። ነጭ ነው። እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለ የግድግዳ ቀለም ነው የተቀባው፤ ፊቱም ሶሉም ጥርሱም ባንድ ብሩሽ። ቁልፉን አስገብቶ ጠመዘዘ። እምቢ አለው። ሌላውን ሞከረ። ጥርሱ ተሰበረ እንጂ አልተፈታም፤ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ደርቋል። የተለቀቀው ሶል ጠርዝ ላይ ደግሞ ቢጫ ማስቲሽ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል። አንድም ክር የለም።

ቁልፉን እጁ ላይ አገላበጠው።

"የፊተኛው ጫማዬ ጥርሱ እንዲያው በትንሹ ነበር የሚዞር" አለ።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... አራት ዓመት!" ብሎ ጫማውን ግድግዳው ላይ ወረወረው። ከዚያ ራሱ ተንፏቆ አነሣው። "ና፣ እንሂድ። ይሄ ጫማ ወረቀቱን ለጻፈው ሰው ይታይለት።"

የአጎቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ኢንማ ከተማ አዲስ ቤት ገብቷል። ወፍሯል፣ ሙስበሐ የሚሉትን የዱዓ መቁጠሪያ ይቆጥራል። ዓቂሉ አስጠሩት። ተሸካሚዎቹም ተሰበሰቡ። ዓቂሉ ቁልፉን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ሞከሩ። ነጭ ቀለም እየተቀረፈ ሽርጣቸው ላይ ረገፈ።

"ይሄ ሰው በማስቲሽ ሲሠራ ያየ አለ?" አሉ።

"ማስቲሽማ ስናመጣለት ይሰድበን ነበር!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

ዓቂሉ ወደ አጎቴ ልጅ ዞሩ። "ሱቅህ ውስጥ ሌላ ጫማ ሠሪ ነበር?"

አልነበረም። ሙስበሐው ቆመ። "ሸይጧን አሳሳተኝ" አለ። እንዲህ ነው፤ መጥፎውን ሥራ ሁሉ ሸይጧን ይሠራል፣ ትርፉን እሱ ይበላል። ተነሥቶ፣ እዚህ ይቅርታ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት፣ ራሴን ሳመኝ። አፉ ጫት ጫት ይላል። መሐረቤን አውጥቼ በሰው ፊት ጠረግሁት። አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ዓቂሉ ጥፋቱ የሱ መሆኑን የሚናገር አዲስ ወረቀት አስጻፉ። የአጎቴ ልጅ፣ ወላሂ፣ እጁን ዘርግቶ "ላንብብልህ?" አለኝ።

"አንተ ስፋ" አልኩት።

ራሴ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ "ሳያስበው" የሚል ቃል ሸጉጠውለታል። አሰረዝኩት። በጣት አይደለም፤ ስሜን በሙሉ ጽፌ ፈረምኩ። ተሸካሚው በምርኩዙ ተደግፎ ቆመና "ርግማኔን ካንተ አንሥቻለሁ፤ ለማን እንደምሰጠው እኔ አውቃለሁ" አለኝ፣ ሁሉም እየሰሙ። ገበያው ተከፈተልኝ። ይህ የሆነው ሐሙስ፣ የሻዕባን ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው።