የእማማ ዳንጊሴ ሁለት እንሰቶች

ዛሬ ሀዋሳ ላይ ሳይንስን ያረምኩት እኔ ነኝ! እሺ፣ ያረሙት እማማ ዳንጊሴ ናቸው፤ እኔ ፖስታው ላይ ስም ጻፍኩ።

አትክልተኛ ሆኜ ለምሠራበት የምርምር ጣቢያ እማማ ከጓሯቸው ሁለት እንሰት ሰጥተው ነበር። የጣቢያው ተመራማሪ ዶክተሯ "አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቦታ ጠቦናል፣ አንዱ ይነቀል" አለች።

እማማ ደነገጡ። "ልጄ፣ ይሄኛው ቡላው ብዙ ነው፣ ያኛው ለቃጫ ነው። ያሳደግኳቸውን አላውቅም?"

ዲኤንኤያቸው ይታይ ተባለ። ከሁለቱም ቅጠል ቆርጬ በየፖስታው ከተትኩና፣ በማታ ትምህርት በለመድኩት ፊደል የየራሳቸውን ስም ጻፍኩ።

ውጤቱ "ይለያያሉ" አለ። ዶክተሯ ግን ወደ እኔ ዞረች፦ "ጋሼ፣ የሌላ እንሰት ቅጠል ቀላቅለው ይሆን?"

ፊደል ቆጥሬ ለዚህ በቃሁ! እንደገና ቆረጥኩ፤ እንደገና ጻፍኩ።

ዛሬ ሁለተኛው ውጤት መጣ። ያው ነው፤ ይለያያሉ! የሚነቀል የለም።

ዶክተሯ ሁለታችንንም ይቅርታ ጠየቀች። እማማም "ምን ይቅርታ አለው? ወረቀቱ ዘገየ እንጂ እኔስ ድሮም አውቅ ነበር" ብለው ሳቁ። ጣቢያው በሙሉ አጨበጨበልኝ።

እናንተስ፣ የምታውቁትን ነገር ወረቀት እስኪመጣ ማንም ያላመናችሁ ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ አሁን ራሴ አነባለሁ።

ጭብጨባውን ከራሴ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስሞቹን ግን በትክክል ጽፌያለሁ።