አባዬ ሰንስክሪን የተቀባ ሰሞን

ልጅ እያለሁ፣ በዚያ በኮሮናው ዓመት፣ ቤታችን ሳኒታይዘር ሳኒታይዘር ይሸት ነበር። እኩዮቼ አትረሱትም። አንድ ሰሞን ግን አባዬ ሌላ ሽታ ይዞ መጣ፤ ፈረንጆች መዋኛ ገንዳ ዳር የሚለቀለቁትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሰንስክሪን። እማዬ ሸሚዙን አሽትታ አሽትታ፣ «ኧረ በኢየሱስ ስም! የትኛው ሐበሻ ወንድ ነው ሰንስክሪን የሚቀባው?» አለች።

እውነቷን ነው። አባዬ ካርድ የሚያድልበት ካዚኖ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ነበር፤ ሺፍት የለ፣ ቲፕ የለ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን እኔ በላፕቶፕ እማራለሁ፣ እማዬ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ኦቨርታይም ትሠራለች፣ እሱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ከዚያ ድንገት ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት መጥፋት ጀመረ። የት ነበርክ ሲባል «አየር ልቀበል ወጥቼ» ይላል። አፍንጫው ተልጦ፣ መዳፉ ተልጦ፣ ይባስ ብሎ እያፏጨ ይገባል። እማዬን ያንገበገባት ፉጨቱ ነው። «ሥራ የፈታ ሰው ያፏጫል እንዴ? ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አይጠፋም ስንጥር!» ትለኛለች። እኔም ጠረጠርኩ። ጫማውን ባራግፍ አሸዋ፣ ኪሱን ብፈትሽ የሴት የከንፈር ቅባት!

ያኔ ቤተ ክርስቲያን ዝግ ስለነበር ምእመኑ ሁሉ በአንድ የስልክ መስመር ገብቶ ነበር የሚጸልየው። እማዬ አንድ ቀን፣ «ባሏ ለተለወጠባት ለአንዲት እህት ጸልዩላት» አለች። እህቲቱ ማን እንደሆነች ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጸሎቱ ከማለቁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋዬ ደወሉ።

«እህቴ፣ ጠርተን እናናግረው እንዴ?»

«ይቆዩ ጋሽዬ፣ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው። እውነት ከሆነ ልጄን ይዤ ሲያትል፣ እህቴ ጋ እገባለሁ።»

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ስትጎትት አየኋት። አባቴን ላጣው ነው አልኩ።

ቅዳሜ በመኪና ተከተልነው። ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ ደረሰና ፓርክ አደረገ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ እጁን ይዛ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ አሳፈረችው። እማዬ ጣቶቼን ጨመቀቻቸው። ጀልባዋን ዳር ዳሩን በመኪና ተከተልናት። ሐይቁ በቀያይ ተራሮች መሃል ገባ ያለበት ጥግ ስትደርስ ሸራዋ ወረደ፤ አባዬ መልሕቁን ከነሰንሰለቱ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ውሃው አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከቤታችን አጠገብ መኖሩን አላውቅም ነበር። እማዬ ግን ምኑን አይታው! ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተች ወረደችና፣ «ዳንኤል!» ብላ ጮኸች።

አባዬ ውሃው ውስጥ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በጩኸቱ ከጀልባዋ ውስጥ አንድ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው ብቅ አሉ። የሴትዮዋ ባል ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ካዚኖ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ጉልበታቸው ስለደከመ ሸራውን አባዬ ይጎትትላቸዋል፣ እሳቸው ያስተምሩታል፤ ሚስትየዋ ደግሞ ቆዳው እንዳይቃጠል፣ ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ቅባት ትሰጠዋለች።

አባዬ በትንሽ የጎማ ጀልባ መጥቶ ወደ እነሱ ወሰደን።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስደብቃል?» አለችው እማዬ፣ እንባዋ እየወረደ።

አባዬ አቀረቀረ። «አንቺ ለሦስታችን እየለፋሽ፣ እኔ ሥራ ፈቱ እዚህ ደስ ሲለኝ… አፈርኩ።»

 እማዬ ክንዱን በቡጢ መታችውና እዚያው ላይ ተደገፈች። «ለጋሽ ተስፋዬ ግን ራስህ ደውልላቸው» አለች። ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዝ ነበር። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

ዛሬ ሰዎቹ ጀልባቸውን ሸጠዋል። ሐይቁም ሸሽቶ ያ ጥግ ደረቅ መሬት ሆኗል። ካዚኖው ከተከፈተ ወዲህ አባዬ ደብል ሺፍት ነው፤ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ የለ። ደውዬ «አባዬስ?» ስላት፣ እማዬ «ሥራ ነዋ፣ የት ይሄዳል» ትለኛለች። ተመስገን፣ ሰላም ነን፤ የሚጠረጥርም የለም። እኔ ግን አንዳንዴ፣ ባሏን ስትጠራ ተራራውን ያናወጠችው ያቺ እናቴ ትናፍቀኛለች።